ቁልቁለቱን በፔዳል፣ ዳገቱን በፖርቶመጋላ

ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ዳሞታ ተራራን ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በተራራው እግር ሥር፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ከተራራው ግርጌ ከፍ ብለው ወደ ደቡብ ሲያማትሩ፣ ታች በርቀት አባያ ሐይቅ ይታይዎታል። የሐይቁ ከፍታ 1,170 ሜትር አካባቢ ነው። በእርስዎና በውኃው መካከል ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው።

ያንን ቁልቁለት በብስክሌት መውረድ ይቻላል። አስጎብኚ ሳይቀጥሩ፣ በራስዎ ፍጥነት፣ በሰባት ቀን ኮረብታውንም ፏፏቴውንም ሐይቁንም አይተው ይመለሳሉ። እንዴት እንደሚሆንና ምን እንደሚያስወጣ አንድ በአንድ እንየው።

ያለ አስጎብኚ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአውሮፓ የሐይቅ ዳር አገሮች ይህ ዓይነቱ ሽርሽር የታወቀ ንግድ ነው። ድርጅቱ ብስክሌት ያከራያል፣ አልጋ ይይዛል፣ ካርታ ይሰጣል፣ ሻንጣዎን በመኪና ወደሚቀጥለው ማረፊያ ያደርሳል። የእርስዎ ድርሻ ፔዳል መርገጥ ብቻ ነው። ከፊት የሚመራ፣ ከኋላም የሚያጣድፍ የለም።

ወላይታ ላይ ይህን ሁሉ ራስዎ ያሰናዳሉ። ሥራው ግን የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ዋናው አስፋልት ከከተማ ከተማ ያገናኛል። በየከተማው አልጋ አለ። ሚኒባስ፣ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ዕቃም ሰውም ያደርሳሉ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማገናኘት ከቻሉ ሽርሽሩ ተሰናዳ ማለት ነው።

ስፖርተኛ መሆን አለብኝ?

የለብዎትም። ብስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ከሯጮቹ ጎን እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ለዚህ ሽርሽር ግን የእነሱ እግር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ርቀትን በወላይታ ልክ ማስላት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታ አውጥቶ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ወላይታ ላይ የሚቆጠረው ከፍታ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ቁጭ ብለው የሚያልፉት መንገድ ነው። ያው 20 ኪሎ ሜትር ሲመለሱበት ግማሽ ቀን ይበላል፤ ጉልበትም ያሳጣል።

ለግምት እንዲረዳዎ አንድ ልማድ ልንገርዎ። ዕቃ የጫነ ጀማሪ በሜዳ ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብለው ያስሉ። ዳገት ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ከሐይቁ ወደ ሶዶ የሚመለስ ሰው ከርቀቱ ሌላ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ዳገት ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ጉዞ ሕግ አንድ ነው። ቁልቁለቱን በብስክሌት ይውረዱ፤ ዳገቱን በመኪና ይውጡ። ብስክሌቱ ፖርቶመጋላ ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ጣሪያ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ይታሰራል፤ እርስዎ ውስጥ ይቀመጣሉ። አያፍሩ፣ እንደ ስንፍናም አይቁጠሩት። ከቀትር በኋላ ሐይቁን በፈገግታ የሚያይ ሰው ጉልበቱን ያልጨረሰ ሰው ነው።

መቼ ልሂድ?

ወላይታ ዝናብ የሚያገኘው ሁለት ጊዜ ነው። በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ለብስክሌት የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ መንገዱም ደርቋል።

ክረምትን መተው የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገደላማ አገር ላይ ዝናብ የጠገበ አፈር ይንሸራተታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ ጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። በዝናብ ወራት ገደል ሥር በሚያልፍ መንገድ ላይ ብስክሌት ይዞ መገኘት ጥሩ አይደለም።

ስለ ወባም አስቀድመው ያስቡ። ሶዶ ደጋ ቀመስ ናት። ከሶዶ በታች ያሉት ሁምቦና የአባያ ዳርቻ ግን ቆላ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል። ከመሄድዎ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። አጎበር ያለው አልጋ ይምረጡ፤ ከሌለም የራስዎን ይያዙ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢጀምርዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ፤ ቆላ ሄደው እንደነበርም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ምን ዓይነት ብስክሌት?

ወፍራም ጎማ ያለውና ማርሽ የሚቀይር የተራራ ሳይክል ይሻላል። ማርሽ ማለት ካቴናው (ሰንሰለቱ) የሚዞርባቸው የተለያየ መጠን ያላቸው ጥርሶች ናቸው። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ሲይዝ ፔዳሉ ይቀላል፤ ለዳገት ነው። ተቃራኒው ለሜዳና ለቁልቁለት ነው። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መሃል ላይ ጨንቆዎት ቢቀይሩ ካቴናው ይወልቃል።

ብስክሌት ከሌለዎትስ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መከራየት ነው። ሐዋሳን በመሰለ ብስክሌት በለመደ ከተማ ኪራይ ማግኘት ይቀላል፤ ሶዶ ላይ ግን ሳያጣሩ አይሂዱ። ሁለተኛው ያገለገለ ገዝቶ፣ ተጉዞበት፣ መልሶ መሸጥ ነው። እዚያ ላይ እውነተኛው ወጪ የገዙበትና የሸጡበት ዋጋ ልዩነት ነው። ለአንድ ሳምንት ከመከራየት የሚረክስበት ጊዜ አለ።

ሲገዙም ሲከራዩም መጀመሪያ ፍሬኑን ይፈትሹ። ሁለቱም እጀታዎች እስከ መሪው ድረስ ከተጨበጡ ፍሬኑ ላልቷል። ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩ። ቸርኬው (ጎማው የሚያርፍበት ክብ ብረት) ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ ከሆነ ራጂዎቹ፣ ማለትም ከመሃል የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ መጥበቅ አለባቸው።

ብስክሌቱን እዚያ እንዴት ላድርሰው?

ከአዲስ አበባ ሶዶ ሁለት መንገድ አለ። በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሻሸመኔ በኩል ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በሁለቱም በኩል አውቶቡስ አለ።

ብስክሌቱ የሚሄደው ጣሪያ ላይ ነው። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ይነጋገሩ፤ የሚነጋገሩትም ከመጫኑ በፊት ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ ክርክሩን ረዳቱ አሸንፏል።

ፔዳሎቹን ፈትተው ኪስዎ ይክተቱ። የፊት ጎማውን አውልቀው ከብስክሌቱ ጋር በገመድ ይሰሩ። ካቴናውና የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ከሥሩ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ ያንጥፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ስለዚህ መናኸሪያ ቀደም ብለው ደርሰው ራስዎ ይሰሩት። ሌላ ሰው ሻንጣ እንዳይጭንበትም ረዳቱን አደራ ይበሉ።

የሰባቱ ቀን ጉዞ ምን ይመስላል?

የመጀመሪያው ቀን የመድረሻ ቀን ነው። ሶዶ አልጋ ይያዙ፣ ብስክሌቱን ይገጣጥሙ፣ ከተማዋን ቀስ ብለው ይዙሩ። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ናት፤ የመንግሥት እንግዳ ይበዛባታል። ስብሰባ ባለበት ሳምንት አልጋ ስለሚጠፋ አስቀድመው ይደውሉ። ማምሻውን ወደ ዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ብቅ ብለው ስለሚሄዱባቸው ወረዳዎች ይጠይቁ፤ የድጋፍ ደብዳቤም ይዘው ቢወጡ ይጠቅማል። ደብዳቤው በየቀበሌው «ማን ነህ?» ለሚል ሰው መልስ ነው።

በሁለተኛው ቀን ብስክሌቱን አስቀምጠው ዳሞታን በእግር ይውጡ። ሰውነትዎ ከፍታውን ይለማመዳል። የአካባቢ ሰው ይዘው ይሂዱ። በተራራው ምዕራባዊ ጎን ሞቸና ቦራጎ የሚባል ትልቅ የድንጋይ ጥላ፣ ማለትም እንደ ዋሻ ገባ ያለ አለት አለ። አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ሲቆፍሩ ሰዎች ከ50,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠለሉበት እንደነበር የሚያሳዩ የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተዋል። ተራራው ሥር የነበረው የወላይታ መንግሥት ታሪክም ረጅም ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በዳግማዊ ምኒልክ ጦር የተሸነፉት በ1887 ዓ.ም. ነው። «ካዎ» በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው የፔዳል ቀን ነው። በሆሳዕናው አስፋልት ወደ አረካ ይሄዳሉ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አረካ ግን ከሶዶ ዝቅ ትላለች። ግራና ቀኝ እንሰት፣ ቡና፣ በቆሎና ጎዳሬ ነው። ወላይታ ከአገሪቱ ሕዝብ የተጠጋጋባቸው ገጠሮች አንዱ ስለሆነ ብቻዬን እሆናለሁ ብለው አይፍሩ። ብቻዎን መሆን ቢያምርዎትም አይሳካም።

በአራተኛው ቀን ከአረካ በስተ ምዕራብ ወደ ቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ ወደ አጆራ ፏፏቴ ይሄዳሉ። አጃንቾና ሶኬ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከአንድ ገደል ይወረወራሉ፤ ታች ይገናኛሉ። ወደዚያ የሚወስደው ከአስፋልቱ የሚገነጠል ኮረኮንች ነው። ኮረኮንች ላይ ጎማውን ጥቂት ያስተንፍሱት፤ መንሸራተቱም መንገጫገጩም ይቀንሳል። ገደሉ ጫፍ ላይ አጥር ይኖራል ብለው አይጠብቁ። ብስክሌቱን ራቅ አድርገው ያስተኙት፤ እርጥብ ሣር ላይ አይቁሙ። ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ነውና ሞተር ወይም ያገኙትን መኪና ይዘው አረካ፣ ከዚያም በሚኒባስ ሶዶ ገብተው ይደሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ወላይታ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ አገር ነው። በምሥራቅ ብላቴ አለ፣ በምዕራብ ኦሞ አለ። የአጆራ ውኃ ወደ ኦሞ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ነገ የሚወርዱበት ደቡቡ ግን ውኃውን የሚሰጠው ለአባያ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የውኃ መለያውን ተሻግረዋል ማለት ነው።

አምስተኛው ቀን ትልቁ ቁልቁለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሶዶ በአርባ ምንጭ መንገድ ይነሱ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ሁምቦ ጠበላ ይደርሳሉ። እዚህ ቁርስ ይብሉና ወደ ኮረብታዎቹ ይመልከቱ። እነዚህ ኮረብታዎች ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በፊት ተራቁተው ነበር። የአካባቢው ሕዝብ ከእርዳታ ድርጅቱ ወርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት ከልሎ ደኑን መልሷል። አብዛኛውን ችግኝ ተክሎ አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ሥር አፈር ውስጥ በሕይወት ነበር፤ ቡቃያውን እየመረጡ፣ እየገረዙ፣ ከከብት እየጠበቁ አሳደጉት። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ የካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝቷል። የካርቦን ሽያጭ ማለት ዛፉ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ከሁምቦ ወዲያ ሙቀቱ ይጨምራል፤ አባያም እየቀረበ ይመጣል። ውኃው ቀይ ቡናማ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ወንዞች ከደጋው ይዘውት የሚወርዱት ደቃቅ አፈር ነው፤ አይዘቅጥም፣ ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። የሁምቦ ደን ለሐይቁ ምኑ እንደሆነ የሚገባዎ ይህን ጊዜ ነው። ዛፍ የያዘው አፈር ኮረብታው ላይ ይቀራል፤ ዛፍ ያልያዘው እርስዎ በወረዱበት ቁልቁለት ወርዶ አባያ ይገባል።

አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትልቁ ነው፤ ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዞና ጉማሬ አለበት። ላብዎን ልታጠብ ብለው ዳር አይጠጉ፤ እግርዎንም አይንከሩ። ውኃው ደፍርሶ ስለሆነ አዞ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቢሆን እንኳ አይታይም። ሐይቁን ከመንገዱ ከፍታ ላይ ሆነው ይዩት፤ ከዚያ ይበልጥ ያምራል። ማደሪያዎ የምዕራብ አባያ ከተማ ብርብር ነው፤ ከሶዶ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሙቀቱ ከበረታብዎት ከሁምቦ ሚኒባስ ይሳፈሩ።

ስድስተኛው ቀን የሙዝ ቀን ነው። ከብርብር ወደ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ ላይ የሙዝና የማንጎ እርሻ ይበዛል፤ ላንቴ ሲደርሱ ሙዝ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ሲቀላ ታች ነው፣ ሴቻ ላይ ነው። በመካከላቸው ዳገት አለ። ሲቀላ አልጋ ከያዙ ዳገቱን ተገላገሉት። ሴቻ ከያዙ ለባጃጅ ይክፈሉ፤ ምሽት ላይ አባያንና ጫሞ ሐይቅን አንድ ላይ የሚያሳየው ከፍታ ይክስዎታል። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ የሚባለው ነው።

ሰባተኛው ቀን የመመለሻ ነው፤ በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን።

መንገድ ላይ ምን ይገጥመኛል?

ልጆች። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ልጆች ይጨፍራሉ፣ ይገለበጣሉ፤ የሚፈልጉት አንዳንዴ ሳንቲም፣ አንዳንዴ «ሃይላንድ» ነው፤ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ። አንዳንዱ መንገድ መሃል ድረስ ይገባል። ቁልቁለት ላይ ሲበርሩ ይህ አደጋ ነው፤ ለእነሱም ለእርስዎም። ፍጥነት ይቀንሱ፣ ደወል ያሰሙ፣ «ሳሮ!» ይበሉ። በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። አመሰግናለሁ ለማለት «ጋላታይስ» ይበሉ። እየሄዱ ዕቃ አይወርውሩ፤ የሚወረወር ነገር ልጅን ወደ መኪና መንገድ ይጠራል።

ከብት፣ ፍየልና የአህያ ጋሪ መንገዱን ይጋሩዎታል። ከብት ፊት ለፊት ሲመጣ አይጋፉ፤ ቆም ብለው ያሳልፉ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ጨብጠው አይውረዱ። ላስቲኩ ቸርኬውን እያሸ ያግለዋል፤ ሲግል ደግሞ ፍሬኑ መያዙን ይቀንሳል። ጠበቅ፣ ለቀቅ እያደረጉ በሁለቱም ይጠቀሙ። የፊቱን ብቻ ድንገት ቢይዙ በመሪው ላይ ይገለበጣሉ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆመው ብረቱን ያቀዝቅዙ፤ አገሩንም ይዩ።

ጎማ ቢተነፍስስ?

ይተነፍሳል፤ አይደንግጡ። ከሁምቦ ወጣ ብዬ አንዴ እሾህ ወጋኝ። አንድ ልጅ ብስክሌቱን እያየ «ጎሚስታ አለ» አለና ቀድሞኝ መሮጥ ጀመረ። ጎሚስታው፣ ማለትም ጎማ ጠጋኙ፣ ሥራው የሞተርና የባጃጅ ጎማ ነው። ካላማዳሪያውን (የውስጥ ጎማውን) አውጥቶ ነፋው፤ ውኃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ እያጠለቀ ዓይኑን ተከለበት። አንድ ቦታ ላይ ትናንሽ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ጣቱን ቦታው ላይ ሳያነሳ አደረቀው፣ በሞረድ አሻከረው፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ ቆርጦ በማስቲሽ ለጠፈው። ከዚያ ቶሎ አልመለሰልኝም። መዳፉን በውጪው ጎማ ውስጥ ቀስ ብሎ አዞረና እሾሁን ነቀለው። እኔ ብሆን እረሳው ነበር፤ አሥር ሜትር ሳልሄድም መልሶ ይተነፍስ ነበር።

ጎሚስታ በየከተማው አለ። በከተሞቹ መካከል ግን ራስዎን መቻል አለብዎት። አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ በብስክሌትዎ ጎማ ልክ፣ ትንሽ የእጅ መንፊያ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ አንድ ቁልፍ ይያዙ። ትርፍ ካላማዳሪያውን ከመሄድዎ በፊት ይግዙ፤ የሞተሩ ለብስክሌት አይሆንም።

ምን ልብላ፣ ምን ልጠጣ?

ፔዳል ለሚረግጥ ሰው አገሩ የታረሰ ማዕድ ነው። ስኳር ድንች፣ ቦዬ፣ ጎዳሬ፣ ቂጣ፣ ሙዝ፣ እንቁላል ሁሉም ጉልበት ይሰጣሉ። የወላይታ ዳጣ፣ በቅመም የተፈጨው በርበሬ፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ሶዶ በቁርጧ የታወቀች ናት። ቁርጡን ግን ለማረፊያ ቀን ያቆዩት፤ ጠዋት ቁርጥ በልቶ ቁልቁለት የወረደ ሆዱ ሲጣራ ይሰማዋል። ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣም አይዘንጉ። ፓርሶ፣ የወላይታ ጠላ፣ ብስክሌቱ ከታሰረ በኋላ ነው።

ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ቆላ ሲወርዱ ከዚያ በላይ ይጠጡ። የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። ከፋርማሲ ጥቂት ኦ.አር.ኤስ. ይያዙ፤ ላብና ተቅማጥ የሚወስዱትን ውኃና ጨው ለመመለስ የሚረዳ ዱቄት ነው። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ቁርጥማት ከተሰማዎ ከጥላ አይውጡ።

ደኅንነቱስ?

ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጉዞዎን ይጨርሱ። ሙቀቱም ያልፍዎታል፣ የሚበላሽ ነገር ቢኖርም ለማስጠገን ቀን ይተርፋል። በጨለማ በፍጹም አይንዱ።

መታወቂያ ይያዙ፤ ኬላ ላይ ይጠየቃሉ። ሁኔታው ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ ማረፊያ ሲነሱ ሆቴሉንም ሹፌሮችንም «የዛሬው መንገድ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሹፌር ትናንት ያለፈበትን መንገድ ያውቃል። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ፓወር ባንክም ይያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የፖሊስ 991 ነው። ሶዶም አርባ ምንጭም ሆስፒታል አላቸው። ሄልሜት ያድርጉ፤ ልብስዎም ከሩቅ የሚታይ ይሁን።

ስንት ያስወጣኛል?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዛሬ የምነግርዎ ቁጥር ከነገ ወዲያ ያሳስትዎታል። ስለዚህ እኔ የምጠቀምበትን መለኪያ ልስጥዎ፤ መለኪያው አልጋ ነው። ሶዶ ይደውሉና ንጹሕ፣ መታጠቢያ ያለው ተራ አልጋ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ሌላውን በእሱ ይቁጠሩ።

ስድስት ሌሊት ስድስት አልጋ ነው። ምግብና ውኃ ለአንድ ቀን አንድ አልጋ ያህል ይበላል፤ ለሰባት ቀን ሰባት። የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ አውቶቡስ፣ ከነብስክሌቱ ጭነት፣ ሦስት። ሚኒባስ፣ ባጃጅና ሞተር በአንድ ላይ ሁለት። የአካባቢ መሪ፣ መግቢያና የጎሚስታ ጣጣ ሁለት። ድምሩ 20 አልጋ ነው። ላልታሰበ ነገር አምስተኛውን፣ ማለትም አራት ይጨምሩ። 24 አልጋ።

አንድ አልጋ 1,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 24,000 ብር ይሆናል። ለሁለት አንድ ክፍል ከያዙ የእያንዳንዳችሁ የአልጋ ወጪ ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ጠቅላላው ወደ 20 አልጋ ይጠጋል። በአውሮፕላን ለመመለስ ከፈለጉ ቲኬቱን ለብቻው ይደምሩ፤ ብስክሌቱን ስለመጫንም አስቀድመው ይጠይቁ። የብስክሌቱ ኪራይ ወይም የመግዣና የመሸጫው ልዩነትም ከዚህ ውጭ ነው።

መቆጠብ ከፈለጉ ከምግብና ከመኪና አይቆጥቡ። ለሚኒባስ ላለመክፈል ዳገት የወጣ ሰው በማግስቱ አንድ ቀን ተጨማሪ ያድራል፤ የቆጠበውም በአልጋና በምግብ ይወጣል። መቆጠብ የሚቻለው ከሻንጣ ነው። ትልቁን ሻንጣ ሶዶ ሆቴል በአደራ ትተው፣ ሁለት ቅያሪ ልብስና መሣሪያዎን ብቻ ይዘው ይውጡ። ከአርባ ምንጭ ሲመለሱ አውቶቡሱ በሶዶ ያልፋልና ይወስዱታል።

ያ መመለሻ ራሱ የጉዞው ክፍል ነው። በመስኮት በኩል ይቀመጡ። ብርብርን አልፎ፣ ሁምቦን አልፎ አውቶቡሱ ማርሽ እየቀነሰ፣ ሞተሩ እያቃሰተ ወደ ሶዶ ሲወጣ፣ በሁለት ቀን የወረዱት መንገድ ተገልብጦ ይመጣል። ፍሬን ያቀዘቀዙበትን ጥላ፣ ልጆቹ የጨፈሩበትን መታጠፊያ ያዩታል። ከላይ ፖርቶመጋላው ላይ ብስክሌቱ ሲንቋቋ ይሰማዎታል። ዳገቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት ያኔ ነው፤ ተቀምጠው።